እማ ፊቷን የገለጠችበት ሐሙስ

ሐሙስ፣ ረጀብ 19፣ ሲናው

የጠዋቱ ገበያ፦ አሥራ አንድ ፍየልና አራት በግ ተሸጠ። አንድ የግመል ግልገል ገዢ አጣ። ረፋዱ ላይ ቦታውን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወጣሁ።

ውድ ሐሙድ፣

በዚህ መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ የጻፍኩት የከብት ነገር ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ለአንተ የምለው አለኝ፤ ቶሎም ሊደርስህ ይገባል። ስጨርስ ገጾቹን በስልክ አንስቼ ለእህታችን ለሸምሳ እልካለሁ፤ አልጋህ አጠገብ ተቀምጣ ታነብልሃለች። ደውዬ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፣ ከየት እንደምጀምር አጣሁና ዘጋሁት። በቀላሉ የምደነግጥ አልነበርኩም። እኔን ታውቀኛለህ፤ ግመል ረግጦኝ እንኳ መጀመሪያ የማየው የግመሉን እግር ነው።

እሑድ ሐኪሞቹ ልብህን ሊቀድዱህ ነው። እማ ከዚያ በፊት ለንደን ደርሳ ልታይህ ቆርጣለች። «አይቶኝ ይግባ፤ ሌላው የአላህ ነው» ብላ ጨርሳለች። የነገው ማታ አውሮፕላን ካመለጠን አንደርስም።

እንግሊዞቹ ከእኛ ከዑማኖች ቪዛ እንደማይጠይቁ ታውቃለህ። በኢንተርኔት የሚሰጡት የጉዞ ፈቃድ ከሌለ ግን አውሮፕላኑ ላይ የሚያወጣህ የለም። ከሦስት ቀን በፊት ገበያው ዳር ቅጽ ወደሚሞላልን ወደ ሺሃብ ሄድኩ። የእኔ ፈቃድ በዚያው ቀን መጣ። ለእማ ደግሞ በዒድ የተነሳችውን ፎቶ ሰጠሁት፤ ቡርቃዋ፣ ያ ሰማያዊ የተነከረው የፊት ጭንብል፣ ከግንባር እስከ አገጭ እንደ ሸፈናት። የፓስፖርቷንም ገጽ እንዳለ ሰጠሁት። ሴት ፖሊሶች በተዘጋ ክፍል ያነሷትን ፎቶ ቤት እንደገባች በጥቁር ጨርቅና በፕላስተር ሸፍናው ነበር።

ሺሃብ ከሕንድ፣ ከኬረላ ከመጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኛን ሆኗል። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ላከው። በእኛ ዘንድ የሰው እናት ፊት እንዴት ይጠየቃል?

ዛሬ ረፋድ ላይ ሺሃብ እየሮጠ ፍየሎቹ መሃል ደረሰ።

«ባባ ኸልፋን፣ አልተቀበሉትም!»

«ምን ጎደለ?»

«ምን ይጎድላል ትለኛለህ? ፊት ነዋ!»

«ታዲያ ስትልክ አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ። አንተስ አታውቅም ነበር? ማን ደፍሮ ይናገር? ልጆቼን ማሳደግ እፈልጋለሁ እኮ!» አለና ስልኬ ላይ እንዴት እንደሚላክ አሳየኝ። «አሁኑኑ ላክ። አንዳንዴ በሰዓታት ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ቀናት ይወስዳሉ።»

ቤት ስደርስ እማ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እማ፣ ፎቶውን መለሱት።»

«ምነው፣ አላማርኩም?»

«ፊትሽን ማየት ይፈልጋሉ።»

«አንተስ የፍየሉን አፍ ከፍተህ ጥርሱን ሳታይ ትገዛለህ? እነሱም ነጋዴ ናቸው» አለችኝ። ሚስቴ ዘይና ከጓዳ ሰምታ ሳቀች። ስልኩን ሰጠኋትና ልወጣ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለች እማ።

«ዘይና ታንሳሽ እንጂ። እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።»

«ተቀመጥ። ፎቶውን እዚያ ማን እንደሚያየው አላውቅም። አውሮፕላን ማረፊያም ግለጪ ማለታቸው አይቀርም። ባዕድ ወንድ ከወለድኳቸው ልጆች ቀድሞ አያየኝም። ስልኩን አንተ ያዝ።»

ሐሙድ፣ ይህን የምጽፍልህ ወንድሜ ስለሆንክና ፊቷን አንተም ስለማታውቀው ነው። አባታችን ራሱ ስንቴ እንዳየው እንጃ። ስትበላ ከቡርቃው ሥር ነው፤ ስትተኛም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ወዲያ ዞረችና ማሰሪያውን ፈታች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

አላወቅኳትም።

ዓይኖቿ የእሷ ነበሩ፣ የቀረው የማላውቀው ሴት። በልቤ የሣልኳት እናት ከንፈሯ ቀጭን፣ ፊቷ ቆጣ ያለ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ከድምፅዋ። ይህችኛዋ ጉንጯ ሙሉ ነው፣ አገጯ ላይ ስርጉድ አላት፣ ቆዳዋ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ፣ ገርጣ ያለ። ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ የቡርቃው ሰማያዊ ቀለም ሰርጎ ቀርቷል። እኔ ሰው ከሩቅ አይቼ ይግዛ አይግዛ የማውቅ ነኝ፤ እናቴን ግን መንገድ ላይ ባገኛት አልፌያት እሄዳለሁ። ደነገጥኩ። ከድንጋጤ ብዛት አፌ ያመጣውን ታውቃለህ?

«አሰላሙ ዓለይኩም» አልኳት፤ ለእንግዳ እንደሚባለው።

ዘይና አፏን ያዘች። እማ ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። ስትስቅ አፏ ወደ ግራ ያደላል። ያንን ሳቅ ዕድሜ ልካችንን ሰምተነዋል፤ ምን እንደሚመስል ግን አላየንም።

«ወዓለይኩም ሰላም። እናትህ ነኝ፤ አንሳኝና ጨርስ።»

ሁለቴ አነሳኋት፣ ሁለቱም ፎቶ ደበዘዘ። በመጨረሻ ዘይና ክርኔን ደግፋ ያዘችልኝ። ከፓስፖርቱም ላይ ጨርቁን እማ ራሷ ላጠችው። ልኬ እንደጨረስኩ «አጥፋው» አለችኝ፤ አጠፋሁት። ቡርቃዋን አስራ ስለ ሻንጣው ክብደት ጠየቀችኝ። እኔ ግን ወጥቼ ከግመሎቹ ጋር ቆምኩ።

ፈቃዱ ከመግሪብ ሶላት በፊት መጣ። ነገ ማታ እንበራለን።

አሁን የምልህን በደንብ ስማ። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ክፍልህ እንገባለን። እማ በሩ ጋ ስትደርስ ቡርቃዋን ልታወልቀው ነው። «ኸልፋን አይቶኝ ሐሙድ ሳያየኝ ቢላ ሥር አይገባም» ብላለች። ልብህ እንደኔው ዓይነት ድንጋጤ አይችልም፤ ስለዚህ ከአሁኑ እወቅ። አገጯ ላይ ስርጉድ ያላት፣ ግንባሯ ሰማያዊ የሆነ አሮጊት ስትገባ ማን ናት ብለህ ሸምሳን እንዳትጠይቅ። እንደ እኔም እንደ እንግዳ ሰላም እንዳትላት። በእኔ ስቃለች፤ በሁለተኛው ልጅዋም የምትስቅ አይመስለኝም። «እማ» በላት፣ ቀድመህ፣ ገና ሳትናገር።

ወንድምህ ኸልፋን

ነገ ጠዋት፦ ለእማ ወፍራም ካልሲና ካፖርት መግዛት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ሙስካት መነሳት።