ከገደሉ የተመለሱት ጭላዳዎች

ኮሶዬ፣ ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይ? የወንድሜ የዋኘው መርዶ ከመጣ ወዲህ እህል አልቀምስ ማለትሽን ሰምቼ ሆዴ ባባ። እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አያ ክንዱ ነው፤ አብሮኝ ጭላዳ የሚጠብቀው ሽማግሌ። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጣይው።

ሥራዬን «ዝንጀሮ ቆጠራ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። የምቆጥረው ግን ምርጫቸውን ነው። ውሻ ሲጮህ፣ አሞራ ሲያንዣብብ፣ ጎረቤታቸው ሲደነግጥ፣ የቱን ምልክት አስተውለው ወዴት እንደሚሸሹ እመዘግባለሁ። ከዚያ በቁጥር ቀምሬ ቀጥሎ የሚያደርጉትን አስቀድሜ ለማወቅ እሞክራለሁ። ዓመት ሙሉ ያየሁት አንድ ነው፤ ከፈሩ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። አልወርድ ብለው ሜዳ ላይ የቀሩት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሦስቱንም ቀን ከታች ሰው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ታጣቂዎች ውሻ አስከትለው መጡ። ስሙን የማያውቁት አንድ የሸሸ ሰው ይፈልጋሉ። ውሾቹ እየጮሁ ሲቀርቡ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፍ ደርሰው ተመለሱና ሜዳው ላይ ተኮለኮሉ። የታጣቂዎቹ አለቃ ደብተሬን አገላብጦ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምነው አልወርድ አሉ? ምን አይተው ነው? አለኝ።

እማዬ፣ በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም። የገብሱ ቃርሚያ ስቧቸው ነው፣ ሲጠግቡ ይወርዳሉ አልኩት። ወደ አያ ክንዱ ዞረ። አያ ክንዱ እዚሁ ገደል ላይ ነው ያረጀው፤ እኔ በቁጥር የደረስኩበትን እሱ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ትክ ብሎ አየኝና፣ ልጅቱ እውነቷን ነው፣ ቃርሚያ ይወዳሉ አለ። ሄዱ።

ደብተሬም ላይ «ቃርሚያ» ብዬ ጻፍኩ። ያ አንድ ቃል የዓመት ልፋቴን እንዳበላሸው አውቃለሁ። አልሰርዘውም።

ታጣቂዎቹ ከዓይን ሲሰወሩ ገደሉ አፍ ላይ በደረቴ ተደፍቼ አዳመጥኩ። ከታች ሰው ያስላል። ያንን ሳል ከጨቅላነቱ ጀምረሽ ያስታመምሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ምን እነግርሻለሁ።

ጋቢዬንና ቆሎ አወረድንለት። አያ ክንዱ እስከ ቆላው ሸኝቶት ትናንት ተመለሰ።

እንግዲህ እህል ቅመሺ። መድኃኔዓለም ዕድሜሽን ያርዝመው፤ መንገደኛውንም ይጠብቀው። ጥቁር ልብስሽን ግን አታውልቂ፤ ጎረቤት ሊያጽናናሽ ሲመጣም አልቅሺ።

የአንቺው ልጅ