አዲሱ እትም እና ያንተ መካኒክ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጤናህን እንዴት ይዞሃል? እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ዓለም ከጠፋች በኋላ ስለተረፉ ሰዎች የምንጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ አዲስ እትም ወጥቶለታል። በመጨረሻው ደብዳቤህ "ሲወጣ መግዛት የሚያዋጣ እንደሆነ እይልኝ" ብለኸኝ ስለነበር ገዝቼ አየሁልህ።

ሥዕሉ ልብ ይሰርቃል። ውሃ የማጣራት ደንቡም እንደ ድሮው ራስ አያዞርም። ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተጻፈ ምዕራፍ አለው፤ እሱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስፌቴን ስጨርስ ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ዳይስ እጥላለሁ። ያንተን ገጸ ባሕርይ፣ መካኒኩን፣ የማጫውተው እኔው ነኝ። ባለፈው እማዬ "ለሱ እኔ ልጣልለት" ብላ ስድስት አመጣችለት። ቀኑን ሙሉ ፊቷ በርቶ ዋለ።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩለትም። በአዲሱ ደንብ ሦስት ዙር ወሬው ያልተሰማ ተጓዥ እንደሞተ ተቆጥሮ ይሰረዛል። የድሮው የደንብ መጽሐፋችን ግን "እስኪመለስ የውሃ ድርሻው ይቀመጥለት" ነው የሚለው። ስለዚህ አዲሱን ወደ መደብሩ መለስኩት።

"ምን ጎደለው?" አለኝ ባለሱቁ።

"ይቸኩላል" አልኩት።

ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ አድራሻህን በቃሏ ይዛዋለች። ባለፈው፣ ካንተ መልስ ሳይመጣ ሦስተኛውን ደብዳቤ ስሰጣት፣ ቀና ብላ አላየችኝም። ይሄን አራተኛውን እማዬ ራሷ ልትወስደው ጫማዋን አድርጋ እየጠበቀችኝ ነው።

ሰላምታችን ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። መካኒክህ አሁንም መንገድ ላይ ነው፤ ድርሻውን ማንም አልነካበትም።

እህትህ