ረዥሟ ፉጨት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለማሳረጊያችን፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን እንደ ልብ ያስወጣሽ ጀመር? ዓይንሽስ? መነጽርሽን አፍንጫሽ ላይ ሰክተሽ የት ገባ እያልሽ መፈለጉን ተውሽው? ብርዱ በርትቷል ብለሽ ነበርና ያን ወፍራም ሹራብ ለክት ብለሽ እንዳታስቀምጪው። እኛ ከእኔ ወገብና ከባለቤቴ ቁጣ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ቁጣዋ ስለ ጡረታዬ ነው። ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚያደርገው አታውቂም። መጀመሪያ ሰሞን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ የሥራ ሸሚዜን ለብሼ ወንበር ላይ ቁጭ እል ነበር። ኋላ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ ድስቶቹን በመጠናቸው ስደረድር፣ ይሄ መናኸሪያ አይደለም፣ ዕቃዬን አታሰልፍብኝ ብላ አስወጣችኝ። ነርሷ ልጃችን ሳቋ መጥቶ፣ አባዬ፣ እስቲ አንዳንዴ እንኳ እንደ ተሳፋሪ የሆነ ቦታ ሂድ አለችኝ። እኔም የእሷን ልጅ ይዤ ወዳደግንባት ትንሽ ከተማ ተሳፈርኩ።

ሹፌሩ ድሮ ረዳቴ የነበረ ቀልደኛ ነው፤ አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል። ከጎኑ አስቀመጠኝ። ቁልቁለቱ ላይ እግሬ ሳላስበው ወለሉን ሲረግጥ አይቶ፣ ጋሼ፣ ፍሬኑን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ አለኝ። መንገዱን ሁሉ እንደሳቀብኝ ደረስን።

ከተማዋ አድጋለች አልልሽም፤ ወፍራለች እንጂ። ድልድዩ ያው ነው። የእኛን ቤት ጥርስ ሐኪም ተከራይቶታል። አባታችን ምስማር ሲነቅልበት በኖረው ክፍል ዛሬ ጥርስ ይነቀልበታል፤ ቢኖር ኖሮ እስቲ ጉጠቱን አሳየኝ ማለቱ አይቀርም ነበር። ደጃፉ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን አልተነሳም።

አባታችን ሲመሽ ምስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ እንዴት ያፏጭልን እንደነበር ታስታውሻለሽ? አንድ አጭር፣ ከዚያ አንድ ረዥም። አጭሯ የእኔ ነበረች፣ እኔ ከአጥሩ አልርቅምና። ረዥሟ የአንቺ ነበረች፤ ወንዝ ዳር ሆነሽም ትሰሚያታለሽ። ሰምተሽም አትመጪም። እናታችን ራቱ ቀዘቀዘ እያለች ስትነጫነጭ፣ እሱ መላጊያውን የሚስል መስሎ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሽ ነበር። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ለራትም የመጨረሻ ገቢ ስለሆንሽ ማሳረጊያ ብሎ ስም ያወጣልሽም እሱ ነው። አንቺ ሳትገቢ በራችን ተቆልፎ አያውቅም። ማሳረጊያዬ ገባች ብሎ መቀርቀሪያውን ሲወረውር ልቤ እንዴት ያርፍ እንደነበር ካንቺ በቀር ለማን እነግራለሁ?

ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ። የልጅ ልጄ ድመት አይታ መንገዱን ይዛ በረረች። ብጠራት ብጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። ሳላስበው ያቺን ፉጨት ለቀቅኳት፣ አጭሯንም ረዥሟንም። ልጅቷ ዞርም አላለችም። ከማዶ ግን አንድ በር ተከፈተ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናቸው፤ ያንቺን የትምህርት ቤት ቀሚስ እየሰለቹ ሲጥፉ የኖሩት። በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ግን ጠፍቷል። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡና ወደ ፉጨቱ ዞረው፣ እኔን አባታችን አድርገውኝ፣ ጋሼ አናጢው፣ ያቺ ቀዥቃዣ ዛሬም አልገባችም እንዴ? አሉኝ።

አልደብቅሽም፣ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። ልጅቷ እንባዬን ስታይ ድመቷን ትታ ራሷ መጣች።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ባለቤትሽ ካረፈ ወዲህ ቤቱ እንደጨለመብሽ፣ ወደ እኛ ለመምጣት ግን ልብሽ እንዳልቆረጠ ጽፈሽልኛል። የሚያውቁኝ አልቀዋል፣ ለማያውቁኝ ሸክም ከምሆን እዚሁ ልቅር አልሽ። እኔም ብዕሬን እያነሳሁ ሳስቀምጥ ከረምኩ። ይኸው መልሱ። ማየት የተሳናቸው ሴትዮ እንኳ ፉጨት ሰምተው ስላንቺ ይጠይቃሉ። ደግሞም እኔ አለሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅሽ ማን ነው? ናፍቀሽኛል፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

መንገድ ዳር ያለውን ክፍል አሰናድተንልሻል። ደረጃ የለውም። ባለቤቴ መጋረጃውን ቀይራለች፤ እኔን በመቆጣት የምታግዛት ሰው ስለምትፈልግ ከእኔ ብሳ ቸኩላለች። ጉንጭሽን ትስምሻለች። ልጃችን የጉልበትሽን መድኃኒት እንዳትረሺ ትላለች። የልጅ ልጄ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ፉጨቱን እየተለማመደች ነው፤ አጭሯ ወጥታላታለች፣ ረዥሟ ገና ነፋስ ብቻ ናት። ዳቦ ለሚያመጡልሽ ለታችኛው ቤት መምህር ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጎረቤታቸውን ስለምንወስድባቸውም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልብስ ሰፊዋ መልሴን ሲጠብቁ፣ እጃቸውን ይዤ መንገድ ላይ ናት፣ እየመጣች ነው አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ገቡ፤ በራቸውን ግን አልዘጉትም። እህቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም አታድርጊኝ።

ወንድምሽ

ከቤትሽ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ