ራስ የተባለው ድመትዎ

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ወለተጻድቅ፣
ኢየሩሳሌም።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የዴር ሱልጣን ድንጋይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል ይባላል፤ ሲነሡም ሲቀመጡም ያስቸግርዎት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ያ ደረቅ ሳልስ ተወዎት? ልጅዎ እሙ ጤና ናት? አማችዎ በዛብህ ሥራ አገኘ ወይስ ዛሬም ደጅ ይጠናል? የእኔን ነገር ከጠየቁ ቆሜ እሄዳለሁ፤ የሰጡኝን እበላለሁ። ከፊት ጥርሶቼ ጥቂቶቹ ወልቀዋል እንጂ ደኅና ነኝ። የጥርሱን ነገር እነግርዎታለሁ፤ ተራውን ይጠብቅ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሰው ነጋዴው ሰይፈዲን ነው። ከጅቡቲ ወዲያ በሚያምነው ሰው እጅ ያሳልፈዋል። በጣልያን ፖስታ ቤት ስለማያልፍ የፈለግሁትን እጽፋለሁ። እርስዎም አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ ስለ አገሩ አንድ መስመር፣ ስለ ድመትዎ ስለ ባዘቶ ደግሞ ግማሽ ገጽ ጽፈው ነበር። ሳነብበው ተናደድሁ። ሰው እንደ በግ በሚታረድበት ከተማ ስለ ድመት ይጠየቃል ብዬ ወረቀቱን ወረወርሁት። ዛሬ ግን እኔም ከድመትዎ ሌላ የምጽፈው የለኝም። ባዘቶ በሕይወት አለ፤ ጠግቦም ያድራል። በእሱ ምክንያት ግን ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ የገሜዳ ጀርባ ተልጧል። ከሥሩ ልንገርዎ።

እርስዎ ከወጡ በኋላ ቤትዎን አንድ ካፒታኖ እንደያዘው ሰምተዋል። እኔን ደግሞ ጢሰኛዎ የነበረው ገሜዳ ከየካቲቱ እልቂት ጀምሮ በጓሮው ጎጆ ደብቆኛል። ባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ ሁሉ ይታደን ስለነበር ለመንደሩ «የሚስቴ የዋጋነሽ አጎት ነው» ብሎ አስወራልኝ። ባሕር ዛፍ እፈልጣለሁ። የፈለጥሁትን ተሸክሜ እርስዎ ቤት ወጥ ቤት አደርሳለሁ። በገዛ እኅቴ በር ጎንበስ ብዬ እገባለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እወጣለሁ። እንጨት የተሸከመን ሰው ፊት ማን ያያል!

ካፒታኖው ባዘቶን ከነቤቱ ወረሰው። ስሙንም ለወጠና «ራስ» አለው። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ራስ፣ ከወንበሩ ውረድ! ራስ፣ ና ፍርፋሪህን ልቀም!» እያለ ያስቃቸዋል። ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ፤ ፈረንሳይኛ ያወቀ ሰው ጣልያንኛው አያመልጠውም። እንጨቱን አራግፌ ጥርሴን ነክሼ እወጣለሁ። ያን ጊዜ ጥርሴ ሙሉ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ እሑድ ቀን መኮንኖቹ ምሳ በልተው ሲጠጡ፣ አንዱ ሽጉጡን መዝዞ በግድግዳው ላይ በቀረው በአባታችን ፎቶግራፍ ላይ ተኮሰ። ባዘቶ ከተወለደ ጀምሮ እግሩ አፈር ረግጦ አያውቅም፤ ከምንጣፍ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ምንጣፍ አድርገው ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ጥይቱ ሲጮህ በመስኮት ዘልሎ ጠፋ። ካፒታኖው «መስኮቱን ማን ከፈተው?» ብሎ አብሳይዋን ከበደችን በጥፊና በጫማ ደበደባት። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፈነ።

ማግሥቱ ገበያ ነበር። ካፒታኖው ሾላው ሥር ቆሞ «ራስ የሚባለው ድመቴ ጠፍቷል» እያለ በቋንቋው ተናገረ። አስተርጓሚው ወልደ አማኑኤል ግን «ድመት» የምትለዋን ቃል ዋጣት። ፈርቶ ይሁን አፍሮ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራስን ድመት ብሎ መጥራት ምላሱ እምቢ ብሎት ይሆናል። እኔ በመንግሥት የትርጉም ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንዲት ቃል የዘለለ አስተርጓሚ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ሰው ይገድላል። በዚያ ሰዓት እኔ ጫካ ነበርሁ። ያወጀውን በኋላ ከብዙ አፍ እየሰበሰብሁ አቃናሁት፤ ቃሉ ይህ ነው፦

«ስሙ! ራስ ከካፒታኖው ቤት አምልጧል። መልኩ ነጭ ነው። አንገቱ ላይ ክር አለው። ሲጠሩት አይመልስም፤ በግድ ሲይዙት ይዋጋል። ከጠጉሩ አንዲት ያጎደለ ይገረፋል። የደበቀ ይሰቀላል። ያመጣ ይሸለማል!»

እስቲ ይፍረዱ፤ ይህን ሰምቶ ድመት የሚያስብ ሰው አለ? መልኩ ነጭ ነው ሲባል «ቀይ ሰው ናቸው» አሉ። እርስዎ ያሰሩለትን ክር ማተብ ነው አሉ። ሲጠሩት አለመመለሱን ኩራት፣ መዋጋቱን ጀግንነት አደረጉለት። አንዱ «የወለጋው ናቸው» ሲል ሌላው «ምን በወጣቸው የወለጋው! የጎጃሙ ናቸው እንጂ፤ ድሮም ጠላት ፊት አፋቸውን አይከፍቱም» ይላል። ሴቶቹ በየአጥሩ ጥግ ዳቦና ጠላ ማስቀመጥ ጀመሩ። የተሸሸጉትን ራስ እንዳይነክስ ብሎ ውሻውን ያሰረም ነበር።

ወታደሮቹ ቤት ለቤት ሲበረብሩ ከቀጥቃጩ ከቀጄላ ደጅ ደረሱ። ቀጄላ መዶሻውን ይዞ በሩን ዘጋባቸው። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ራስ የተባሉት ሰው ምናልባት ከጎረቤት ካሉ እስኪያመልጡ ላዘግይላቸው ብሎ ነው። ፊት የመጣውን ወታደር ትከሻውን ሰበረው። ደጁ ላይ ተኩሰው ጣሉትና ጎጆውን አነደዱት። ሚስቱ ዙቤዳ ሣሩ ከላይዋ እየረገፈ፣ እጇ እየተቃጠለ ሬሳውን ከእሳቱ ጎትታ አራቀችው።

ጭሱን አይቼ ከጫካ ስወርድ ገሜዳን «ጎረቤት ነህና ታውቃለህ» ብለው ሾላው ላይ አስረውት ደረስሁ። «ራስ የት ነው?» ቢሉት «እኔ ባውቅ ኖሮ ከአጠገባቸው ሆኜ እተኩስባችሁ ነበር» ብሏቸዋል። በጉማሬ አለንጋ ይገርፉታል። ሸሚዙ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበርና አለንጋው ሲነሣ ሁለቱንም ይዞ ይነሣል። መጀመሪያ ይሳደብ ነበር፤ ኋላ በኦሮምኛ እናቱን ጠራ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እኔ ሸክሜን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። አልጮኽሁም። ወልደ አማኑኤል «ራስ እስከ ነገ ምሳ ካልተገኘ ይህ ሰው እዚሁ ይሰቀላል» ብሎ ለፈፈ።

እንጨቱን ላደርስ ስገባ ከበደች ምድጃው ላይ እንዳቀረቀረች «አባባ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚያልቀው ለድመቱ መሆኑን ሰምተዋል?» አለችኝ። ያን ስም በዚያ ቤት ለወራት ስሰማ የኖርሁት እኔ እንኳ ከሾላው ሥር ስሰማው ሰው መስሎኝ ነበር።

ሮጬ ለዋጋነሽ ነገርኋት። «ለድመት ሰው ይገረፋል? ለድመት ቀጄላ ይሞታል?» አለች። «ጌታዬ፣ መጽሐፉ ነው ሐዘኑ ያዞረብዎት?» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ካፒታኖው ዘንድ ሄጄ በቋንቋው ላስረዳው አልችልም፤ እንጨት ፈላጭ ጣልያንኛ የተናገረ ዕለት እኔም ገሜዳም ለአንድ ገመድ ነን። የቀረኝ ድመቱን ማግኘት ብቻ ነው።

ወታደሮቹ ውሻ ይዘው እየጮኹና እያፏጩ ጫካ ለጫካ ይራወጡ ነበር። ደንቆሮዎች! ቤት ውስጥ ያደገ ድመት ሲያመልጥ አይሄድም። ዓለም ሲሰፋበት ጠባብ ጉድጓድ ፈልጎ ይወሸቃል። ከዘለለበት መስኮት ብዙም አይርቅም። የሚወደው ሰው ቢጠራው እንኳ ከፍርሃት የተነሣ ድምፁን ያጠፋል። ቆሞ አይፈለግም፤ በሆድ ተስቦ ነው።

ሊነጋጋ ሲል፣ ሰፈሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ወጣሁ። ከአጥርዎ ሥር ጀምሬ በደረቴ እየተሳብሁ ቦዩን አየሁ፤ የእንሰቱን ሥር አየሁ፤ የእንጨቱን ክምር ሥር አየሁ። በመጨረሻ ከአጥርዎ ጋር በሚዋሰነው በገሜዳ ጎተራ ሥር፣ ጎተራውን ከመሬት ባነሡት ድንጋዮች መካከል፣ ዓይኑ አበራብኝ። ገሜዳ ቆዳው እስኪገፈፍ «አላውቅም» ያለበት ራስ ከገዛ እህሉ ሥር ተኝቷል።

እጄን ብሰድ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሲሄዱ የተዉልኝን ጋቢዎን አውልቄ መሬት ላይ አነጠፍሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥሁ። እርስዎ እንደሚሉት ዝግ ብዬ «ባዘቶ፣ ባዘቶዬ» አልሁ። አልወጣም። ከማዶ ሾላው ላይ ገመድ ሲወረውሩ ይሰማኛል፤ አንዱን ወታደር ገመዱ ቅርንጫፉን አልይዝ ብሎት ሌላው ይስቅበታል። ዘወር አላልሁም። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ጋቢው ላይ አንድ ነገር ረገጠ። ጠጉሩ ጭቃ ለብሷል፤ አፍንጫውን ከጋቢው እጥፋት ቀብሮ እርስዎን ይፈልጋል። አፈፍ አደረግሁት። ክንዴን እስከ ክርኔ ተለተለው፤ አውራ ጣቴን አጥንቱ ድረስ ነከሰው።

አልደብቅዎትም እትዬ፤ ቀጄላ ትዝ አለኝና አንገቱን ልጠመዝዘው ጣቶቼ ተጨብጠው ነበር። የሰጡትን ስም አብሬ ልገድለው ፈልጌ ነበር። ያቆመኝ ርኅራኄ አይደለም፤ የገሜዳ ገመድ ነው።

በጆንያ ከትቼ በጓሮው በር ለከበደች አቀበልኋት። «ከምድጃው ጀርባ አገኘሁት በያቸው» አልኋት። ካፒታኖው ድመቱን አቅፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ አለችኝ ኋላ። ቀጄላን ያስገደለው ሰውዬ አለቀሰ!

አስተርጓሚው ወጥቶ «ራስ ተይዟል! ካፒታኖው ምሕረት አድርጓል!» አለ። ገሜዳን ፈቱት። መንደሩ ግን ደስ አላለውም፤ ለቅሶ ተቀመጠ። ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ራሱን ማን ሸጣቸው? ጎረቤታችን ሙሉወርቅ «የዋጋነሽን አጎት በማለዳ በካፒታኖው ጓሮ በር ጆንያ ሲያቀብል በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ» አለች። ሌላ ምስክር ማን ይጠይቃል?

ዱላ ዱላቸውን ይዘው መጡ። የሚመራቸው ገሜዳ ራሱ ነው፤ ዋጋነሽ የቀባችው ቅቤ ከደሙ ጋር በወገቡ ይወርዳል። «እኔ ነኝ ያስጠጋሁህ!» አለኝ፤ አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። «ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ያበላሁህ እኔ ነኝ! ባንዳ!» አፌን ልከፍት ስል በዱላው ጫፍ መታኝ። ጥርሶቼ የሄዱት ያኔ ነው። ስወድቅ ረገጡኝ፤ ጎኔ ላይ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። አንዱ «ለጅብ ጎትቱት!» ይላል። ደሙን ተፍቼ ጮኽሁ፤ «ድመት ነው! ድመት ነው እናንተ ደደቦች! ራስ የሚለው የወይዘሮዋን ድመት ነው!» እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋቸው። «ይህ የሰው ጥፍር ነው? የትኛው ራስ ነው እንዲህ የሚቧጭር?»

ዱላዎቹ ቆሙ። ከበደችን አስጠሯት። ባበጠ ዓይኗ አንድ በአንድ እያየቻቸው «እውነቱን ነው፤ ድመቱ ነው» አለች። ያፍራሉ፣ አለዚያም ይጨርሱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ገሜዳ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ብዙ አሰበ። ፊቱ ቀስ በቀስ እየበራ መጣ።

«እንዲያ ከሆነ» አለ፤ «የያዙት ድመት ከሆነ፣ ራሱ አልተያዙማ!»

እልልታው ቀለጠ። ዙቤዳ እንኳ በተጠቀለለ እጇ ዓይኗን ጠርጋ «ቀጄላ በከንቱ አልሞተም» አለች። የለም፣ ከመጀመሪያውም ራስ የሚባል ሰው አልነበረም ልል ነበር። ያውቁኛል፤ ስሕተት ሰምቼ አላልፍም፤ በዚህ ጠባዬ ወዳጅ አልበረከተልኝም። አፌ ደም ሞልቶ ነበር። ደሙን ዋጥሁት፤ ቃሉንም አብሬ ዋጥሁት።

ገሜዳ ቁስሉ ሳይጠግግ ራሱን ፍለጋ ወደ ወጨጫ ተራራ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። በጥቅምት በሆለታ መንገድ አድፍጠው የወታደር ካሚዮን አቃጠሉ፤ ካፒታኖውም እዚያው ቀረ። በሸራ ጠቅልለው ሲያመጡት እንጨቴን እንደ ተሸከምሁ ቆሜ አየሁት፤ ከሸራው የወጣው እጁ ከስሎ ነበር። ከእኛ ወገን የተያዘውን አንዱን ሾላው ላይ ሰቀሉት። «የማን ሰው ነህ?» ሲሉት «የራሱ» ብሎ ሞተ። አሁን በካፒታኖው ቦታ የመጣው ሹም ያንኑ ወልደ አማኑኤልን አቁሞ «በወጨጫ የሸፈተውን ራስ ያለበትን የጠቆመ» እያለ ያስለፍፋል። አስተርጓሚው ዛሬስ አንዲት ቃል አይዘልልም፤ ላቡ ግን በጉንጩ ይወርዳል። ያን ራስ ማን እንደወለደው ያውቃላ! ባዘቶን ከበደች ወጥ ቤት አስቀምጣዋለች፤ የጥንት ስሙንም መልሳለታለች።

ትናንት ዋጋነሽ ስንቅ አድርሳ ከተራራው ተመለሰች። ገሜዳ «ራሱ ጸሐፊ ይፈልጋሉና አጎቴ ይምጡ፤ ስለ ጥርስዎም ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ልኮብኛል። «ለመሆኑ ራሱን አየሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። ቁናዎቿን እየሰበሰበች፣ ዓይኔን ሳታይ «የመጣው ሰው ሁሉ የት አሉ ይላል» አለችኝ። «ገሜዳም ‹ገና እየመጡ ነው› ይለዋል።»

እሄዳለሁ እትዬ። ሰይፈዲን ይህን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሲነሣ እኔ ወደ ወጨጫ እነሣለሁ። ወሬ ባሕር ተሻግሮ እርስዎ ዘንድ ቢደርስ፣ ከኮልፌ በላይ አንድ ራስ ተነሥተዋል ቢባል፣ ድመት ነው ብለው እንዳያርሙ። ማን እንደሆኑ የሚጠይቅዎ ካለ ስማቸውን አላውቅም ይበሉ። እየመጡ መሆናቸውን ግን ይንገሩልኝ።

እሙን ጉንጯን ስመው፣ አጎትሽ ይህን ጊዜ በመጻፍ ብቻ አይደለም የሚደክመው ይበሏት። በዛብህን፣ የተጣላነውን ትቼዋለሁ፤ እሱም ይተወው ይበሉልኝ። ከእናንተ ጋር የተሰደደችውን አሮጊቷን ሞግዚታችንን እግሯን ይሳሙልኝ። የነፍስ አባትዎ በጸሎታቸው ቀጄላን እንዲያስቡት ይለምኑልኝ፤ ሃይማኖቱን ቢጠይቁ፣ ደጁ ላይ ለእንግዳ የሞተ ሰው ነው ይበሏቸው።

ወንድምዎ
ተክለማርያም

ኮልፌ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ማዶ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.