የማሽኑ ሽታና የአዬዮ ዓይን

ጥር 2፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬም ሸተተ። የማሽኑን በር ከፍቼ አፍንጫዬን አስገባሁ። እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳምንት የሰነበተ ይመስላል። ባለቤቴ ሆዳን አጠገቤ ቆማ ፊቴን ታያለች።  

አዬዮ ትናንት የታጠበላቸውን ሻርፕ አጥፈው ከክፍላቸው በር ውጭ አስቀምጠውታል። አዬዮ የሆዳን እናት ናቸው። ልጆቻችን አያታቸውን በሶማልኛ እንደዚያ ስለሚጠሩ እኔም ለመድኩት። ለአማች ያጠብክልኝ ልብስ ይሸታል አይባልም። ታጥፎ ደጅ ይቀመጣል። አማች ይገባዋል።

ገባኝ።

ደብተር፣ አንተ ብቻ ስማኝ። በዚህ ከተማ ማጠቢያ ማሽን የምሸጠው እኔ ነኝ። ለደንበኛ ሁሉ «ቁልፉን መጫን ብቻ ነው» እላለሁ። የራሴ ማሽን ይሸታል።

ያው ቀን፣ 7 ሰዓት

ነገሩ የሽታ ብቻ ቢሆን ወረቀት አላባክንም ነበር። የአዬዮ ግራ ዓይን በሞራ ተሸፍኗል። ቀኙ ጥላ ብቻ ያያል። ቀዶ ሕክምናው ጥር 24፣ ረቡዕ፣ እዚሁ ጅጅጋ። ሐኪሞቹ ከሩቅ የሚመጡ ናቸው፤ ይህ ካመለጠ መቼ እንደሚመለሱ የሚነግረን የለም። እስከዚያ ጠብታ በቀን አራት ጊዜ። የምታደርግላቸው ሆዳን (ሆ.) ናት።

አዬዮ ግን ሐርተሼክ ልጃቸው አብዲ ጋ ልሂድ ይላሉ። እዚያ ልብስ በእጅ ይታጠባል፣ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል፣ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። እዚህ ግን በሚሸት ልብስ እየሰገዱ ነው። ሶላታቸው ተቀባይነት ይኑረው አይኑረው አያውቁም። ዓይን ወይስ ሶላት ብትላቸው መልሳቸው አንድ ነው። አልጠየቅኳቸውም።

ሆ. በእጇ አትጠብላቸውም? ስምንተኛ ወሯ ነው። ሳፋ ላይ ስትጎነበስ ካዩ አዬዮ ይጮሃሉ። ማሽኑን ለራሳችን ያስቀረሁትም ሳፋ ላይ እንዳትጎነበስ ነበር።

አዲስ ልብስ? ሦስት ገዛሁ። ሁለቱን ለጎረቤት ሰጡ። ሦስተኛውን «የሰፋው እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ መጀመሪያ ይታጠብ» አሉ።

በምን ይታጠብ?

ጥር 3፣ ረቡዕ

በሩ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ፣ ውሃ እንዳይፈስ የሚይዘውን ጎማ፣ ገልጬ በጨርቅ ጠረግኩት። ጥቁር ልፋጭ። ሁለተኛ ጨርቅ፣ ሦስተኛ ጨርቅ። ከእጥፋቱ ውስጥ ፀጉር፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የላሸቀ ወረቀት። አፈርኩ። ስንት ዓመት በዚህ ማሽን የታጠበ ልብስ ለብሼ ሱቅ ሄጃለሁ።

በረኪና ጨምሬ ባዶውን አሽከረከርኩት። ሆ. ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር አየች፣ እኔን አየች። ደረቅ ወቅት ነው፤ የውሃ ቦቴ ተለምኖ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ውሃውን ባዶ ማሽን አጠጣለሁ።

ሽታው ጠፋ! ማታ ጥሩ እንቅልፍ።

ጥር 5፣ ዓርብ

ጥሩ እንቅልፍ ያልኩትን ሰርዘው። ልብሱ አሁን በረኪና በረኪና ይላል። አዬዮ ሻርፑን ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉ ቀኝ ዓይናቸው አነባ፣ ቀላ። ጠብታውን የሰጠችን ነርስ ዛሬ አይታ ተቆጣች። የተቆጣ ዓይን አይነካም፣ በረኪና በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳልሰማ አለች። ለሆ. ነው የተናገረችው። ጥፋቱ የእኔ። ሆ. ራሷን ነቀነቀች፣ አላጋለጠችኝም።

ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ጨርቅ። መቅላቱ እየቀነሰ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ኮምጣጤ ሞከርኩ። ሎሚም። አዬዮ «ዛሬ ደግሞ ሰላጣ ነው የታጠበው?» ብለው ሆ.ን ጠየቋት። እኔ እንድሰማ በአማርኛ።

ጥር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

 ልናደድ ይሁን ልሳቅ አላውቅም።

ለምሳ ስገባ ከመታጠቢያ ቤት ጭስ ይወጣል። እሳት መስሎኝ ባልዲ አነሳሁ። ጎረቤታችን ፋዱማና ሆ. ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ በሰላም፣ ሻይ ይዘው። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ማጨሻ ከነፍሙ። እላዩ ላይ ኡንሲ፤ በስኳርና በሽቶ የሚነጠረው፣ የሶማሌ ሴት ሁሉ ልብሷን የምታጥንበት። በሩን ገርበብ አድርገውታል፣ ጭሱ እንዳያመልጥ።

ፋዱማ አስረዳችኝ። ልብስ ሲሸት ይታጠናል። ልብሱን የሚያሸተው ማሽኑ ከሆነ ማሽኑ ይታጠናል። ምን ይገርማል?

ጎሚኒው መዳፍ በሚያህል ቦታ ቀልጧል። ስኳሩ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። በዚህ ሁሉ የንግድ ዘመኔ ያላየሁት ብልሽት ነው።  ለእናቷ ዓይን ብላ ያደረገችው ነው። ባልዲውን አስቀምጬ ሻይ ጠየቅኩ።

አዬዮ ከክፍላቸው ሆነው በረጅሙ አሸተቱ። «አሁን ገና የሰው ቤት ሸተተ» አሉ።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

ደረጀ መጣ። ማሽን ጠጋኝ ነው፤ አባቱ ወታደር ሆነው እዚህ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ሶማልኛው ከእኔ ይሻላል። በሩን ከፈተ፣ አየ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሳቀ።

«አይ ኑሩ! ማሽኑን ሙሽራ አደረጋችሁት እኮ!»

ሲበቃው ሥራ ጀመረ። ታች በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈተ፣ ፊልትሮውን፣ ማጣሪያውን፣ አወጣ። የወጣው ውሃ ቀለሙ እንደ ጭቃ፣ ሽታው... ተወው። ደረጀ ራሱ ፊቱን አዞረ። ይህ መቼ ተጸድቶ ያውቃል አለኝ። ተጸድቶ አያውቅም። በሩን ስትጨርሱ ክፍት ትተዉታላችሁ? ለአቧራው ብለን እንዘጋለን። አጭሩን አጠባብ ነው የምትጫኑት? ውሃ ለመቆጠብ፣ አዎ። የዱቄት ሳሙናው ስንት ነው? ሁለት ትልቅ ኩባያ።

እንግዲህ ይኸው አለ ደረጀ። ሳሙናው ብዙ፣ ውሃው ትንሽ፣ ታጥቦ አይወጣም፣ ውስጥ ሆኖ ይበሰብሳል። በሩ ዝግ፣ አየር የለም። ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ሁለት ኩባያ ያላችሁ ማነው?

ፊልትሮውን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ። ለአንተ ግን እነግርሃለሁ። እኔ ነኝ። ለደንበኛም እንደዚሁ ነው የምለው፤ ሳሙናውን ጎን ለጎን እሸጣለሁና። ደጋግሜ ስለው ራሴም አመንኩት። ከእኔ የገዛ ቤት ሁሉ እንዲህ ይሸታል ማለት ነው።

ጎሚኒው ጅጅጋ የለም። ድንበር ላሉ ነጋዴዎች ደወልኩ፣ የለም። ጅቡቲ አለ፤ በደወሌ ኬላ በኩል በሚመጣ ሹፌር ይላካል።

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ጎሚኒው ትናንት ደረሰ። ደረጀ ገጠመው። ፊልትሮው ንጹሕ፣ ሳሙና ሁለት ማንኪያ፣ በጣም በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ ባዶውን ዞረ። በሩ ክፍት ሆኖ አደረ። ጠዋት አፍንጫዬን አስገባሁ። ምንም። ሆ. ምንም። ፋዱማ ትንሽ ኡንሲ ብቻ።

የአዬዮ ልብስ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ቀረበ። ሁላችንም ቆመን ፊታቸውን እናያለን፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

«አለ» አሉ።

ጥር 14፣ እሑድ

የለም። እምላለሁ የለም። ሸሚዜን ለሦስት ሰው ሱቅ ውስጥ አስሸትቻለሁ፣ ያበደ መስያቸዋለሁ።

ሆ. እናቷን አዋራቻቸው። ነገሩ ከሽታም ያልፋል። ውሃው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚዞረው ይላሉ። ከላይ አይፈስም። የሕፃን ልብስም፣ የእግር መጥረጊያ ጨርቅም አብሮ ይዞራል። ነጃሳው፣ ማለት ለሶላት የማይሆነው ርኩስ፣ ይሰራጫል እንጂ አይወጣም።

ሰፈራችን መስጊድ ሄጄ ሼሁን ጠየቅኩ። በንጹሕ ውሃ ከተለቀለቀ፣ ቀለሙም ጣዕሙም ሽታውም ከሄደ ጠርቷል አሉኝ። ደስ ብሎኝ መጥቼ ለአዬዮ ነገርኳቸው።

አዳመጡኝ። በትዕግሥት። ከዚያ፦ «ኑሩ ልጄ፣ ቀለሙን አላይም። ልብስ አልቀምስም። የቀረኝ አፍንጫዬ ነው። እሱ ደግሞ አለ ይለኛል።»

 ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ገበያ ላይ የማልመልሰው ጥያቄ የለም።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

ሳል። አዬዮ ሲያስሉ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እሰማለሁ፣ ብናኝ ይሆናል አልኩ። ዛሬ ሆ. እያለቀሰች ነገረችኝ። አዬዮ ለካ በየሌሊቱ መጨረሻ ተነስተው፣ በዳበሳ፣ አንዷን ቀሚሳቸውን በጀሪካን ውሃ እያጠቡ፣ ሳትደርቅ ለብሰው ይሰግዳሉ። በዚህ የጥር ብርድ።

ልብስ አጣቢ ሴት አስመጣሁ። የሁሉንም በአንድ ውሃ አጠበች። አዬዮ ድምፁን ሰምተው አወቁ። አመስግነው ሸኟት፤ ሌላም አጣቢ እንዳይመጣ አሉ።

ጥር 17፣ ረቡዕ

ሐኪም ቤት። የሚያስል ሰው ዓይን አይከፈትም፤ እጅ እላዩ ላይ ሳለ ቢያስሉ አደጋ ነው። እስከ ቀጣዩ ረቡዕ ካልተወ ለሌላ ጊዜ። ሌላ ጊዜ መቼ? አይታወቅም አሉ።

ሽሮፕ ሰጡ። ሆ. ሁለተኛ እርጥብ እንዳይለብሱ እናቷን ለመነች፣ አለቀሰች፣ እጃቸውን ሳመች። እሺ አሉ፤ ግን ለአብዲ ደወሉ። እሑድ መኪና ይዞ ይመጣል። ሐርተሼክ የዓይን ሐኪም የለም። ጠብታውን የሚያደርግ የለም። አብዲ ጥሩ ልጅ ነው፣ ፍየል ያውቃል፣ ዓይን አያውቅም። በስልክ ነገርኩት። «የእናቴን ሶላት እኔ ልከልክል?» አለኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር።

አራት ቀን። ምንም የምሸጠው፣ የምገዛው፣ የምደራደረው ነገር የለም።

ጥር 21፣ እሑድ፣ 4 ሰዓት

ሳሉ ቀንሷል። አብዲ በመንገድ ላይ ነው።

ጠዋት አንድ ነገር ታየኝ። የማሽኑን ቆሻሻ ውሃ መውጫ ጎማ ከግድግዳው ነቅዬ ወንበር ላይ ያለ ሳፋ ውስጥ አደረግኩት። አዬዮን ጠርቼ አጠገቡ አስቀመጥኳቸው። ውሃው ሲወጣ በእጅዎ ይንኩት፣ ያሽትቱት፣ ንጹሕ ነው እስኪሉ አላቆምም አልኳቸው።  ከዚያ ተነስተው ሐጅ ያደረጉበትን ነጭ ቀሚስ ይዘው መጡ። በእሱ ይሞከር አሉ።

በሩ ተዘጋ። ዞረ። የመጀመሪያው ውሃ ወጣ፦ «ሳሙና።» ሁለተኛው፦ «ሳሙና አለበት።» ሦስተኛው ወጣ። መዳፋቸውን ከጎማው ሥር ዘርግተዋል፣ ውሃው በጣታቸው መሃል ይፈሳል። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ላላ። «ይፈሳል እኮ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይደገም።»

ደገምኩ። ማሽኑ ውሃ መሙላት ጀመረ፣ ግማሽ ላይ አቃሰተ፣ ቆመ።

ታንከሩ አለቀ።

9 ሰዓት

አብዲ መጣ፣ ምሳ በላ፣ መኪናው ውስጥ ሌሎች ተሳፋሪዎች ይጠብቁታል። ክላክስ ይነፋሉ። በሩ ውሃ ሆዱ ውስጥ እያለ አይከፈትም። ቀሚሱ በመስታወቱ ይታያል። አብዲ እጀታውን ጎተተ፣ ማሽኑን በጥፊ መታ። አዬዮ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሐጅ ያደረግኩበትን ትቼ አልሄድም አሉ።

አብዲ ሄደ። ሐሙስ እመለሳለሁ ብሏል።

አሁን የምጽፈውን ማንም እንዳያይ። በሩን የሚከፍት ገመድ አለ። ቀይ፣ ቀጭን፣ ከታችኛው ክዳን ኋላ። ውሃውን በፊልትሮው በኩል አውጥቶ መሳብ ነው። ለደንበኛ መቶ ጊዜ አሳይቻለሁ። እያወቅኩ ቆሜ አብዲ ሲጎትት አየሁት።

አብዲ እንደሄደ ቦቴው 8 ሰዓት ላይ መጥቶ ታንከሩን ሞልቷል። ውሃው ወደ ማሽኑ የሚገባበትን ቧንቧ ግን ዘግቼዋለሁ፤ ውሃ ካልገባለት አጥቦ አይጨርስም፣ በሩም አይከፈትም። ሆ. ስዘጋ አየችኝ። ሆዷን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኩሽና ገባች።

አዬዮ ቅድም መጡ። መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ኑሩ፣ ይህ ነገር ይከፈታል?»

«ይከፈታል፣ አዬዮ። ሐሙስ።»

ረቡዕ ቀዶ ሕክምና። ሳላቸው ከተወ። ሐኪሞቹ ከመጡ። ቀሚሱ አራት ቀን እንደረጠበ፣ በተዘጋ በር ውስጥ። ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሦስት ሳምንት ስታገለው የቆየሁት ነው። ሽታውን አጥቤ አላስለቅቀው ይሆናል። ይቅር አይሉኝ ይሆናል።

ይሽተት። ቧንቧው እንደተዘጋ ይቆይ፣ ዓይናቸው እስኪከፈት።