በረከት ከሰው እጅ አልበላም ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

በዲላ ከተማ ልጅ በመመገብ እኔን የሚያክል ወንድ የለም። እሺ፣ ዲላ ሰፊ ነው፤ በኛ መንደር የለም። በኛ መንደርም ጎረቤታችን ተፈራ መንታ አሳድጓል፤ እሱን ሳንቆጥር።

ወፍጮ ቤት ነኝ። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ። እኔም ማንጎላጀት ነበረብኝ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ግን የማታ ትምህርት ስንጨርስ መምህሩ «በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል» ብሎናል። እኔን ጥሎ የሚሄድ ፊደል አልተፈጠረም። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ሁለተኛ። አንደኛ የወጣችው ሙዝ ነጋዴዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ሂሳቡን ድሮም ታውቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን በረከት ስድስት ወር አልፎታል፤ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አልቀምስ ብሏል። ሚስቴ አማረች የፊታችን ሰኞ ቡና ማድረቂያ ሥራ ትገባለች። ጎህ ሲቀድ በመኪና ይወስዷቸዋል፣ ሲመሽ ይመልሷቸዋል። ሰኞ ያልተገኘች ሴት ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ታዲያ ልጁ ምን በልቶ ይዋል?

አማቴ መልሱን ይዘው ከገደብ ከተማ መጥተዋል። የአማረች ታናሽ እህት እዚያ በቅርቡ ወልዳለች። «እስከ እሁድ ካልበላች ይዤያት እሄዳለሁ» አሉ። «የልጄ ጡት ለሁለት ይበቃል። ቡናው ሲያልቅ መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ።» አማቴ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱም ሴቱም «እሷ» ነው። በረከት ወንድ ነው። እኔም ትምህርት ሳልገባ እንደሳቸው ነበርኩ፤ አሁንም ስናደድ ይቀላቀልብኛል።

ቡናው የሚያልቀው ከገና በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልጄ ፊቴን ያውቀዋል?

ዛሬ ጠዋት አማቴ አጥሚት ጋቱት። ጉልበታቸው ላይ አንጋለው አስተኙት፤ ሁለት እጁን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ የሌላውን መዳፍ እንደ ጭልፋ አድርገው አፉ ላይ ገጠሙና አንቆረቆሩ። እኛም እንዲሁ ተግተን ነው ያደግነው። በረከትን ግን ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ። አማረች ነጥቃ ደፋችው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ አጥሚቱ በአፉም በአፍንጫውም ወጣ። ከዚያ ጮኸ። የልጅ ለቅሶ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መብራት መጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ድካም። ጽሑፉም ዛሬ ወገቡን ይዞ ነው የሚሄደው።

አጥሚቱ የማንም አጥሚት አይደለም፣ ይህ ይጻፍልኝ። ዱቄቱን ራሴ ነኝ የፈጨሁት። ዘጠኝ ዓይነት እህል አለው ብዬ ለመንደሩ አውርቻለሁ። አምስት ነው፦ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ። መላሙ ግን ውሸት የለበትም። በትልቁ ወፍጮ ሳይሆን በርበሬና ሽሮ በምንፈጭበት በትንሹ ነው የፈጨሁት፤ እሱ አልሞ ይፈጫል። ለልጄ ብዬ። መጀመሪያ ፉርሽካ አሳልፌበት በደንብ አጥርቼዋለሁ።

ዛሬ ሁላችንም ቀመስነው። አማቴ ቀምሰው፣ «ምን አላት? ጥሩ ናት» አሉ። አማረች ቀመሰች። እኔ አንድ ኩባያ ጠጣሁ፤ ርቦኝም ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ እንኳ ቀምሶ፣ «ልጁ ካልፈለገ ለኔ አምጣው፣ ቁርስ አደርገዋለሁ» አለ። በረከት ብቻ ነው የማይወደው። አንዲት ጠብታ ከንፈሩን ስትነካው ፊቱን ይጨማድዳል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ያለቅሳል። ማታ ላይ እጅ ወደ አፉ ሲቀርብ ገና ሳይነካው መጮህ ጀመረ።

«ልጅሽ ንጉሥ ናት?» አሉ አማቴ ለአማረች። «ንጉሥ እንኳ ያቀረቡላትን ትበላለች።»

አማረች ሳህኑን እያጠበች ቀስ ብላ፣ «እህቴ ጡቷን ስትሰጠው እሷን እናቴ ይላል» አለች። ለኔ ይሁን ለውሃው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ጉድ።

ጠዋት አጥሚት ልሠራ ዱቄቱን በእጄ ዘገንኩ። እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ዓይኔን አሸሁ። ዓይኔ ነደደ! እንባዬ ፈሰሰ፣ ንፍጤ ተከተለ፣ ወደ ባልዲው በዳበሳ ሄድኩ። አማቴ «ምን ሆነች?» እያሉ ከኋላዬ። በወፍጮ ቤት ዓይን የሚያቃጥል ዱቄት አንድ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። በርበሬ።

ፉርሽካው አላጠራውም። በወፍጮው ድንጋይ ጥርስ ውስጥ የቀረው በርበሬ ከልጄ ዱቄት ጋር አብሮ ወርዷል። አራት ትልልቅ ሰዎች ቀምሰን ምንም አላልንም። ምን እንል? ምላሳችን በርበሬ ያሳደገው ነው። ጥቂቷ አትሰማንም። የበረከት ምላስ ግን ከወተት ሌላ አያውቅም።

ለአማረች ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ልጁ ሲነግረን ነበር እኮ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

አማቴ ግን የአማረችንም ድርሻ ጨምረው አወረዱብኝ። በጌዴኦኛ ነው የሰደቡኝ። አልጽፈውም፤ መምህሩ በአማርኛ ብቻ ነው ያስተማረን።

ወፍጮ ቤት ሮጥኩ። አዲስ እህል፣ በትልቁ ወፍጮ፣ ስንዴ ከተፈጨ በኋላ። ዓይኔን አሸሁበት፤ ምንም። ድል! አጥሚቱን ሠራን። በረከት አፉን ገጠመ። በማንኪያ ገጠመ። በጣት ገጠመ። በእናቱ ጣት ሳይቀር ገጠመ። ከእንግዲህ ወደ እሱ የሚመጣ እጅ ሁሉ በርበሬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሠናይት ዛሬ ቤት ለቤት ስትዞር እኛ ጋ ደረሰች። መዘነችው። ካለፈው ብዙም አልጨመረም። ነገሩን ሁሉ አማረች ነገረቻት፣ በርበሬውን ጨምሮ። ሠናይት አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከሰች።

«ልጁ ፈርቷችኋል» አለች። «መጋቱን ተዉት፣ ትን ብሎት ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። በጣት የሚደቅቅ ለስላሳ ነገር ቁረጡና ፊቱ አስቀምጡለት። ራሱ ያንሳ፣ ራሱ ወደ አፉ ይውሰድ። እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።»

«ካነቀውስ?» አለች አማረች።

«ሁልጊዜ አጠገቡ ሁኑ። የሚያስል ከሆነ፣ ድምፅ ካለው፣ ራሱ እያወጣው ነው። ጣት አትክተቱበት። ድምፁ ከጠፋ ያን ጊዜ ደፍታችሁ ጀርባውን ምቱ።» በረከትን ክንዷ ላይ ደፍታ አሳየችን። እኔንም አሠራችኝ። «ጡቱም አይቅር፣ አጥሚቱም ወፈር ብሎ ይቅረብለት» ብላ ወጣች።

አማቴ እስክትርቅ ጠበቁ። «ጥርስ የሌላት ልጅ ራሷ ትብላ? ነገ ደግሞ እንጨት ትፍለጥ ትላለች።»

እውነት ለመናገር እኔም ያልኩት እንደዚያው ነው፣ በሆዴ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

አቮካዶ። ዲላ ውስጥ አቮካዶ ልጅ ይመስል በየጓሮው ነው።

በረከትን አማረች ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ፊቱ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ሦስት ቁራጭ። እጃችንን ሰበሰብን። የሰው ልጅ እጅ ሥራ ሲፈታ ምን ያህል እንደሚከብድ ዛሬ አወቅሁ። አማቴ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ነበር የከተቱት።

አየው። ነካው። ያዘው፤ አቮካዶው አሟለጨው። እንደገና። ጨመቀው፣ በጣቶቹ መሃል ወጣ። ሳቀ! ከሰኞ ወዲህ ምግብ አይቶ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

በኋላ አቮካዶ የተገኘባቸው ቦታዎች፦ ጆሮው ውስጥ፣ ቅንድቡ ላይ፣ የአማረች ፀጉር፣ የኔ ሱሪ፣ የአማቴ መሐረብ፣ ግድግዳው። አፉ ውስጥ የገባው የምስር ያህል ነው። እሱንም ተፋው።

«ምግብ መጫወቻ ናት?» አሉ አማቴ። ወለሉን የጠረጉት ግን እሳቸው ናቸው። አማረች ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ልጁን እንዳቀፈች። ወሰድኩላት።

አማቴ ሻንጣቸውን ማሰናዳት ጀምረዋል። የበረከትን ልብስም አጥበው አስጥተዋል፤ ለመንገድ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ስኳር ድንች፣ ውስጡ ብርቱካን የሚመስለው። ቅቅል፣ እንደ ጣቴ ረዘም ተደርጎ የተቆረጠ። ይሄ አያሟልጭም፣ በትንሽ መዳፍም ይያዛል። አንስቶ ቀጥታ ወደ አፉ! ጠባው። በድዱ አኘከው። አማረች ክንዴን ቆንጥጣኝ ነበር፤ አሁንም ያመኛል።

ከዚያ አንድ ጉማጅ ተሰበረችና ወደ ኋላ ሄደች። ፊቱ ቀላ። «ኧህ፣ ኧህ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። አማቴ ተወርውረው ጣታቸውን ወደ ጉሮሮው ሰደዱ።

እጃቸውን ያዝኳቸው።

የአማቱን እጅ የያዘ ወንድ አይቼ አላውቅም። አባቴ የእናቴን እናት በስሟ እንኳ ጠርቷት አያውቅም፤ በመንገድ ካያት አጥር ይጠጋ ነበር። እኔ አንጓቸውን ጨብጬ፣ «ድምፅ አለው እማማ! ድምፅ አለው፣ ይተዉት!» እላለሁ።  ድምፁ ቢጠፋ ምን እንደማደርግ ሠናይት ያሳየችኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ በኗል።

በረከት «ኧክ» አለ፣ ጉማጇን ወደ ፊት አመጣት፣ አኘካት፣ ዋጣት። ሌላውን አነሳ።

ለቀቅኋቸው። አንጓቸውን እያሻሹ ወጡ። እስከ ማታ አላናገሩኝም። ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ቀልድ ነው የወጣኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 12

አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አማረችን አስቀምጠው ፍርድ ሰጡ። እኔን አላዩኝም። «ልጅሽ ትልሳለች፣ ትጫወታለች፣ ትተፋለች። አትውጥም። ነገ ጠዋት ይዤያት እሄዳለሁ።»

«ትላንት ውጧል፣ አይተሻል እማዬ» አለች አማረች።

«አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ መብላት መብላት ናት?»

አማረች አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም።  የበረከት ሽታ ሸተተን። የሽንት ጨርቁን ልቀይር ፈታሁ።

ብርቱካን! እዚያው ውስጥ የትላንት ስኳር ድንች ተኝቷል፣ ጉማጅ ጉማጁ፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። አንድ ሁለት አይደለም፣ ሞልቷል። ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ እንደ መሶብ ወደ አማቴ ሄድኩ። «እማማ! ውጧል! ይኸው!»

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ቡና እንኳ አይለቅምም። አማረች እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች፣ ማቆም አቃታት። አማቴ ቀና አሉ። አልሳቁም። «ሆዷን አላመማትም?» አሉ። «አላመመውም» አልኩ። ወጥተው የበረከትን ልብስ ከሽቦው ላይ አወረዱ። አጥፈው የት እንዳስቀመጡት ግን አላየሁም። ከሻንጣው ይሁን ከሳጥኑ፣ ለመጠየቅም ፈራሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

መኪናው አማረችን ወሰዳት። ስትሄድ አጥብታው፣ ሁለቴ ተመልሳ ሳመችው። እንቅልፍ የለኝም፣ እግሬ የሌላ ሰው ነው።

አማቴ ሻንጣቸውን ሲያነሱ አየሁት፤ ቀላል ነው። የበረከት ልብስ በሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። ልጁን ትተውልን ነው የሚሄዱት። መናኸሪያ ሸኘኋቸው፣ እሱን አቅፌ። ከዚያ የተፈራ ሚስት፣ የመንታዎቹ እናት ዘንድ ነው የሚውለው፤ ወፍጮ ቤት ለልጅ አይሆንም፣ አቧራ ነው። ሠናይት ያለችውን ሁሉ ነግሬያታለሁ። እሷ እጇን ትሰበስባለች? በረከትስ እናቱ ሳትኖር ይበላል? እስከ ማታ ማወቂያ የለኝም።

የገደቡ አውቶቡስ እስኪሞላ አማቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አቅፈውት ነበር። እሱ የስኳር ድንቹን ቁራጭ ይዟል። ያኔ እጁን ዘርግቶ አማቴን አጎረሳቸው! አውቶቡሱ ሙሉ ሰው አጨበጨበ።

አሁን ወፍጮ ቤት ነኝ፣ መብራት መጣ፣ ሴቶቹ ተነሥተዋል፤ ቶሎ ልጻፈው። አላጎረሳቸውም። ያጨበጨበም የለም፣ ሁሉም ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር። ድንቹ ከእጁ አምልጦ ቀሚሳቸው ላይ ወደቀ፣ ይሄው ነው የሆነው። አማቴ አነሡት። አቧራ ካለው ብለው እፍ አሉበት። እኔ ልጁ አፍ ውስጥ ሊከቱት ነው ብዬ እጄን አንሥቼ ነበር። እሳቸው ግን የበረከትን መዳፍ ከፈቱና እዚያ ላይ አስቀመጡለት፤ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።