ከድልድይ የዘለልኩት ለምን እንደሆነ

እታለምዬ፣ ካርዱን በሥራ ቦታሽ የላክሁት እማዬ እንዳታየው ብዬ ነው። ትናንት እግሬን በላስቲክ ገመድ ታስሬ ከረጅም ድልድይ ላይ ዘለልኩ። እኔ፣ የቤታችንን ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዤ የምወርደው ፈሪ! ታላቃችን ጋሼ ፎቅ ሲቀባ ከርብራብ ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ እማዬ «ልጄ ፈርቶ ይሆን?» ስትል፣ ለቀስተኛው ሁሉ «ኧረ ምንም ሳያውቅ ነው» ይላት የለ? እውነቱን ማወቅ ፈለግኩ።

ገመድ አሳሪው «መጀመሪያህ ነው? ወደ ታች እንዳታይ» አለኝ። አየሁ።

እታለም፣ ለማወቅ ጊዜ አለ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ውሃው ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ፤ «እማዬ!» ብዬ ስጮህ የገዛ ድምፄን ሰማሁ። ገመዱ መልሶ ወደ ላይ ሲያነሳኝ ጋሼን ማንም እንዳልያዘው ትዝ አለኝና እዚያው ተዘቅዝቄ አለቀስኩ። አሳሪው የደስታ መስሎት አጨበጨበልኝ።

ለእማዬ ደውዬ «ሞክሬ አየሁት፣ ምንም አይታወቅም» አልኳት። «ተመስገን፣ ልጄ አልፈራም» አለች። ከጠየቀችሽ አንቺም እንደዚያው በያት። ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ